የባለ ሰባት አውታሩ መጽሐፍ

«ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው» አለኝ የስደት ጉዳይ መርማሪው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። «መጀመሪያ አስራ አንድ ቀን አልሽ። አሁን አስራ አራት። ነገ ጠዋት አንዱን ትመርጫለሽ።»

አገር ቤት ጨለማ ክፍል የታሰርኩበትን የቀን ብዛት ነው የሚጠይቀኝ። ሰልፍ ወጥቼ ነበር የያዙኝ። ለንደን መጥቼ ደግሞ ሌላ በር ከውጭ ተቆለፈብኝ። ያን የቁልፍ ድምፅ ዛሬም ስሰማ ባለሁበት እቆማለሁ። ካላመነኝ ይመልሱኛል፤ አውሮፕላን ጣቢያ የሚቀበሉኝ እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ወደ ስደተኞች ማቆያው፣ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ክፍሉ የወለል ማጽጃ ይሸታል፣ መስኮቱ አይከፈትም። እዚያው ለንደን፣ ዊልስደን ሰፈር ላለችው ጓደኛዬ ደወልኩ።

«አስራ አራት በይና ኮንፈርም አድርጊ። የመጨረሻውን ነው የሚያዩት።»

«ሁለቱም እኮ ግምት ነው። መብራት በሌለበት ምን ልቆጥር?»

«እሱን ለነሱ ልታስረጂ ነው? ነገር አታብዢ በቃ።»

ስልኩን ዘግቼ አስራ አራት፣ አስራ አራት እያልኩ ተለማመድኩ።

አብረውኝ የታሰሩት ቻይናዊት ሴትዮ ስልሳ አልፏቸዋል። እማማ እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ከነገርኳቸው ወዲህ ካላልኳቸው ያኮርፋሉ። ይዘውት የመጡት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፣ የባለ ሰባት አውታር የሙዚቃ መሣሪያ መማሪያ። የበገና ዘመድ ነገር ነው፣ ግን ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ነው የሚደረደረው። መሣሪያው ስለሌለ የአልጋው ጠርዝ ላይ በጣታቸው ይለማመዳሉ።

በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛችን የመርማሪውን ጥያቄ ነገርኳቸው። መጽሐፉን ገለጡ። ድሮ በእንጨት ላይ ተቀርጸው የታተሙ ሁለት መማሪያዎች በአንድ ላይ ተጠርዘውበታል።

«ይሄ ዜማ እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። አንድ ይመስልሻል?»

«አይመስልም።»

«አይደለማ። የፊተኛው መምህሩ እንዳሰማው አሳተመ። የኋለኛውም የራሱ መምህር እንዳሰማው። ማንም ማንንም ውሸታም አላለም።»

«እማማ፣ የኔ መርማሪ ሙዚቀኛ አይደለም።»

ሳቁ። ከዚያ ሌላ ገጽ አወጡና ጣታቸውን አሳረፉ። በምልክቶቹ መሃል ባዶ ሳጥን አለ።

«እዚህ ጋ እንጨቱን ነቀዝ በልቶታል። መልሶ ያሳተመው ሰው የጠፋውን አላወቀም። ከራሱ ሞልቶት ቢሆን፣ የቀረውን በምን አምነዋለሁ?»

«ሲጫወቱ እዚህ ሲደርሱ ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«እጄን ከአውታሩ ላይ አነሳለሁ።»

ጠዋት ወደ ምርመራው ክፍል ገባሁ። መርማሪው ቅጹን ወደ እኔ ገፋው።

«አስራ አንድ ወይስ አስራ አራት?»

አስራ አራት ልል አፌን ከፈትኩ።

«አላውቅም» አልኩት። «ሁለቱም ግምት ነው፤ ያኔውኑ ግምት ነው ማለት ነበረብኝ። የማውቀው የበሩን ድምፅ ነው። የጠባቂውን ጫማ ነው። እሱን ጻፍ።»

«ቁጥር ከሌለ ይጎዳሻል።»

«ይጉዳኝ። ባዶውን ተወው።»

ከባዶው መስመር በታች ፈረምኩ። እስክሪብቶውን መለስኩለት፣ ወንበሩን ወደ ቦታው አስጠጋሁና ወጣሁ።