የአቮካዶ ዘር በጀርባዬ

መቼ እንደነበረ ልክ ልኩን አላስታውስም፤ ዓመቱ ከእጄ ወጥቷል። ጉልበቴ ላይ የነበረው ጨርቅ የተማሪ ዩኒፎርም ስለነበር ግን የትምህርት መክፈቻ ሰሞን ሳይሆን አይቀርም። እኔ ነገር የማስታውሰው በጨርቅ ነው።

ዲላ ገበያው አጠገብ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ትምህርቴ ፊደል ከመቁጠር አላለፈም፤ የሰው ወገብ ለመለካት ይበቃል። በዚያ ሰሞን ክፉ እንቅልፍ ያዘኝ። ሌሊቱን ሙሉ ተኝቼ አድሬ ጠዋት እንደተደበደበ ሰው እነሳለሁ። ከዚያ ፔዳሉን እየረገጥኩ ጭልጥ ነው። ማንኮራፋቴማ የባጃጅ ሞተር ያስንቃል ይሉኛል።

የበረንዳው ሰው ሁሉ ጨከነብኝ። መሪያቸው አጠገቤ ጫማ የሚሰፋው ጓደኛዬ ነበር፣ እኩያዬ። አንድ ቀን እንቅልፍ ሲጥለኝ በገዛ አቡጀዲዬ ከራስ እስከ እግሬ ሸፍኖኝ ለቅሶ ተቀመጠ። ስነቃ የራሴን ሙሾ ሰማሁ።

«ዋይ ዋይ! ሰፊው ሄደ! ሱሪዬን ሳያሳጥርልኝ ሄደ!»

ደንበኞቼ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አንድ መንገደኛ እውነት መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ ቆሟል። እኔን የቀሰቀሰኝ ግን ሙሾው አልነበረም፤ በአቡጀዲው ላይ ግንባሬን ያገኘኝ የአቮካዶ ዘር ነው።

የወረወረችው ከደረጃው ሥር አቮካዶ የምትሸጠው ሴትዮ ናት። ልማዷ ነው። ገዢ እዚያው በልቶ የጣለውን ዘር ታስቀምጥና እኔ ስተኛ ትወረውራለች፤ ስታም አታውቅም። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የሷ ነበር። ሌሎቹ ሲያላግጡብኝ ይስቃሉ። እሷ ሳትስቅ ነው የምትመታኝ።

ከዚያ አንድ ቀን መርፌው ዩኒፎርሙን ከአመልካች ጣቴ ጋር አብሮ ሰፋው። ደሙ በሰው ልብስ ላይ ፈሰሰ። የሱቁ ባለቤት ወጥቶ አየና፣

«ስማ አባባ፣ እኔ በረንዳዬ ላይ ሬሳ አላስቀምጥም። እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሥኩህ። ከዚያ ወዲያ ተኝተህ ካየሁህ የስፌት መኪናህን ተሸክመህ ትሄዳለህ» አለኝ።

ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ ማደሪያ ብቻ ነው። ያ በረንዳ ከሌለ እኔም የለሁም።

ክሊኒክ ሄድኩ። ወጣቱ ሐኪም ጣቴን እየሰፋልኝ ሳለ አንቀላፋሁ። አስቡት፣ መርፌ ሥጋዬ ውስጥ እየገባ! ቀስቅሶኝ ስለ ጣቴ መጠየቁን ተወ።

«አባባ፣ ሲተኙ ትንፋሽዎ ይቋረጣል?»

«ተኝቼ እንዴት አውቃለሁ ልጄ?»

«ተኝተው የሚያይዎት ሰውስ የለም?»

«የማያየኝ የለም።»

«እንግዲያው አንዱን ይዘው ይምጡ።»

ጓደኛዬን ለመንኩት። «ታንኮራፋለህ ብዬ ልመስክር? ምን ምስክር ያሻዋል፣ ወናጎ ድረስ ይሰማ የለ!» አለና በአፍንጫው እየጎተተ ማንኮራፋቴን አስመሰለ። በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። ያኔ ሴትዮዋ ተነሳች። አቮካዶዋን በማዳበሪያ ከረጢት ሸፈነችና «እንሂድ» አለችኝ።

«ያንኮራፋል» አለችው ሐኪሙን። «ከዚያ ጸጥ። ደረት አይነሳም። ገዢ አቮካዶ መርጦ እስኪጨርስ ጸጥ። ያኔ እወረውራለሁ። ይተነፍሳል።»

ሐኪሙ መጻፉን አቆመ። «ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም፣ እናቴ?»

«ስናገር ይስቃሉ። አማርኛ አታውቅም ይላሉ።» ወደ እኔ አልዞረችም። «እሱም ይስቃል።»

እውነቷን ነው። አፏን የፈታችው በጌዴኦኛ ነው። ጓደኛዬ አማርኛዋን ሲያስመስል ከሁሉ በላይ የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ሐኪሙ ለአንድ ሌሊት የምትታሰር ትንሽ መሣሪያ ሰጠኝ፤ ደረቴ ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫዬ ሥር ቀጭን ቱቦ፣ በደኅናው ጣቴ ላይ መቆንጠጫ። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። መስመሩ እንደ ጥሩ ስፌት ሄዶ ሄዶ፣ ክር እንዳለቀበት ይቋረጣል። «እዚህ አልተነፈሱም። እዚህም። እዚህም።» ስተኛ ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ በጀርባዬ ስሆን ይብሳል።

ዋነኛው ሕክምና አየር የሚገፋ ማሽን ነው አለኝ። ጭምብሉን አፍንጫ ላይ አስሮ መተኛት ነው። ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ መብራት ይፈልጋል። ዋጋውን ሲነግረኝ የስፌት መኪናዬን በሐሳቤ ሸጥኩት፤ አልደረሰም። መብራት ሲጠፋስ? ጓደኛዬ ሲሰማ «በሬንም ሲያበራዩበት አፉን ያስሩታል» አለ። ሌላው ጥርስ ላይ የሚገጠም ነገር ነው፤ ለእሱ የቀሩኝ ጥርሶች አልበቁም። የተረፈኝ መክሳት፣ ማታ ማታ የምቀምሳትን አረቄ መተውና በጎኔ መተኛት ነው።

«ይህ ማሽኑን አይተካም» አለኝ ሐኪሙ። «ይሞክሩትና እንደገና እንለካለን።» እንዳይገለበጡ ሸሚዛቸው ጀርባ ላይ ኳስ የሚሰፉ ሰዎች እንዳሉም ነገረኝ።

መስፋትማ ሥራዬ ነው። ያረጀ ሸሚዝ ወስጄ በትከሻና በትከሻው መሐል ኪስ ሠራሁ። ኳስ አልፈለግሁም። ደረጃውን ወርጄ እጄን ዘረጋሁ። ሴትዮዋ አገላብጣ ትልቁን ዘር መርጣ ሰጠችኝ። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ስለ ዘሩ ክብደት አወራሁ። እሷም አላገዘችኝም።

ያ ዘር ርኅራኄ የለውም። በተገለበጥኩ ቁጥር አከርካሪዬን ይወጋኛል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሌላ ትሰጠኛለች።

የወሩ መጨረሻ ገበያ ቀን ላይ ዋለ። ባለቤቱ ወንበር አውጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። በረንዳው ተወራርዶብኛል፤ ጓደኛዬ ይተኛል ባይ ነው። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ዓይኔ ከበደኝ። ሊከደን ሲል ከደረጃው ሥር ቀና ስትል አየኋት። ዘሩ እጇ ላይ ነው። ማየቴ ብቻ በቃኝ፤ ፔዳሉን ረገጥኩ። ሲመሽ ጓደኛዬ ተበላ። ባለቤቱም «ለጊዜው ቆይ» ብሎኝ ወንበሩን አስገባ።

በሁለተኛው ልኬት የትንፋሼ መቋረጥ ቀንሶ ተገኘ እንጂ አልጠፋም። ሐኪሙ የማሽኑን ነገር ዛሬም ያነሳብኛል፤ እያሰብኩበት ነው። ከዚያ ሁሉ ማን አወጣህ ካላችሁኝ ግን፣ እስከ ዛሬ አንድ ደግ ቃል ያልወጣት፣ ከደረጃው ሥር ያለችው አቮካዶ ሻጭ ናት።