ያልደረሰኝ ተራ

ቅዳሜ ሆሳዕና ከተማ ገበያ ውስጥ አዲስ የተፋቀ ቃጫ ሸተተኝና ቆምኩ። አንድ እስር ገዝቼ ለልጅ ልጆቼ የሚዘሉበት ገመድ ገመድኩላቸው።

ልጅ ሆኜ ፎንቆ በምትባል ቦታ ስንኖር እናቴና ጎረቤቶቿ እንሰት ሲፍቁ እኛ ልጆች ከቃጫው ገመድ ሠርተን እንጫወት ነበር። እንጫወት ስል ወንድሞቼ ይዘላሉ፣ እኔ አዞራለሁ። አንድ ቀን የያዝኩትን ጫፍ ጣልኩና «አሁን ተራዬ ነው» አልኩ።

ታላቅ ወንድሜ «ሴት ልጅ ስትዘል ቀሚሷ ይገለጣል። ዝም ብለሽ አዙሪ» አለኝ።

የአባቴ እናት ይህን ሰምታ መፋቂያዋን አስቀመጠች። መቀነቷን አጥብቃ መጣችና መሀል ቆመች።

«አዙሩ» አለቻቸው።

ሦስት ጊዜ ዘለለች። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ሳቁ፤ በዚያ ሰሞን ዘመድ ሞቶባት ሐዘን ላይ የነበረችው እናቴ እንኳ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

አያቴ እያለከለከች «ይኸው፣ ምንም አልተገለጠም። ቀጥሎ እሷ ትዘላለች» አለች።

ወዲያው ዝናቡ ወረደና እንሰቱን ለማስገባት ተሯሯጥን። በማግስቱም አዟሪዋ እኔው ነበርኩ።

አሁን ግቢያችን ውስጥ የገመዱን ጫፍ የያዘው ወንዱ የልጅ ልጄ ነው። መሀል ስገባ አይቶ ደነገጠ።

«አያቴ፣ ጉልበትሽስ?»

«ጉልበቴን ለእኔ ተወው። አንተ ገመዱን ዝቅ አድርገህ አዙር።»