አንድ እግር ጫማና ሃይድሮጅን

ከባለቤቴ ከጀማል ጋር ያደረግነው የመጨረሻ ተራ ነገር የእሱን ጫማ መጥረግ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ደጃፍ ላይ ተቀምጠን እሱ የግራውን፣ እኔ የቀኙን ይዘን ቀለም ቀባን። «የአንቺ ይበልጥ ያበራል» አለኝ። በሳምንቱ ቀበርነው። የቀለሙ ሽታ ግን ጣቴ ላይ ቆየ። ባሸተትኩት ቁጥር መርካቶ ይወስደኛል።

ልጅ እያለሁ አባዬ ከአውቶቡስ ተራ ጀርባ ማንቆርቆሪያና ኩራዝ ይበይድ ነበር። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይሰብርና የዚንክ ቅርፊቱን አሲድ ውስጥ ይጨምረዋል። አሲዱ እየተንሾካሾከ አረፋ ይተፋል። «ጉልበቱን ይጨርስ» ይላል አባዬ። ዝም ሲል፣ የሚበየደውን ቆርቆሮ ለመቀባት ደረሰ ማለት ነው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የአረፋውን ድምፅ እንደ ዝናብ አዳምጥ ነበር።

ጀማል ያኔ የክፍሌ ልጅ ነበር፤ አባቱ ጫማ ተራ ይነግዱ ነበር። በደርግ ዘመን ነው፤ አንድ ዓመት በኬሚስትሪ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። ከወደቀ ከትምህርት ቤት ይወጣል፤ የወጣን ወንድ ልጅ ደግሞ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ይመዘግበዋል። እናቱ ይህን እያሰቡ እህል አይወርድላቸውም ነበር። ጥፋቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሃይድሮጅንና ክሎሪን ተዋህደው የአሲዱን ጋዝ ሲሠሩ ከሁለቱም ግርጌ መጻፍ ያለባትን ትንሿን ሁለት ይረሳል።

«አንተ የጫማ ነጋዴ ልጅ፣ አንድ እግር ሸጠህ ታውቃለህ?» አሉት አስተማሪያችን።

«ቲቸር፣ እኛ መደርደሪያ ላይ ያለው እኮ አንድ እግር ብቻ ነው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን እውነቱን ነበር፤ ሌባ አንድ እግር ወስዶ ምን ያደርግለታል?

በማግስቱ አባዬ ዘንድ ወሰድኩት። ዚንኩ ሲፈላ «ይሄ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ» አልኩት።

«አንቺ ደሞ፣ ቆጠርሽው?»

አባዬ የመደርደሪያውን ወሬ ነግሬው ነበርና፣ ከሥራው ቀና ሳይል ጠየቀው፦ «አባትህ ሌላውን እግር የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ካርቶን ውስጥ፣ ጋሼ።»

«በል እንግዲህ፣ የሚታየውን ብቻ አትጻፍ።»

ጀማል ወደ አረፋው ጎንበስ አለ። ከዚያ ጣቱን እያጠፈ፣ ካርቶን እንደሚያወርድ ሰው፣ ጥንድ ሆነው የሚገኙትን ንጥረ ነገሮች ቆጠረ፦ ሃይድሮጅን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን፣ ፍሎሪን፣ ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ አዮዲን። ሰባት ጥንድ። ውጤት የተሰጠ ቀን በእህል በረንዳ በኩል እየሮጠ መጣ፤ ፀጉሩ የጤፍ አቧራ ለብሶ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ። አባዬ የሚበይደውን ማንቆርቆሪያ አስቀምጦ አቀፈው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ትምህርት ነበር። ሃይድሮጅንና ክሎሪን የሠሩት ጋዝ ደረቅ እስከሆነ ድረስ አሲድ አይባልም፤ የሚያቃጥለው ውሃ ሲያገኝ ነው። ያኔ ለፈተና ብዬ ሸመደድኩት። ለቅሶዬ የመጣው ከቀብሩ ብዙ ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ ደረቅ ነበርኩ፣ ያቃጠለኝ እንባው ሲመጣ ነው፤ ያ ትምህርት ያኔ ትዝ አለኝ።

ዛሬ ያ የአባዬ የብየዳ መደብ የለም፤ ማንቆርቆሪያ ሲያፈስ ይጣላል። ጫማ ተራ ግን መደርደሪያው ላይ አሁንም አንድ እግር ነው ያለው። ድሮ ሳልፍ ሌላው እግር ካርቶን ውስጥ እንዳለ ስለማውቅ አላየውም ነበር። አሁን ቆሜ አያለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ። የጀማልን ጫማ የግራውንም የቀኙንም እኔ እጠርጋለሁ።