ዳንቴል የለበሰው ክንድ

ሲይዙኝ ቦርሳዬ ውስጥ የተገኘው አንድ ወረቀት ነው፤ ከጥንት የአናቶሚ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ያደረግሁት፣ መዳብ ላይ ተቀርጾ የታተመ የፈረንጅ ሥዕል። ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠ የሕፃን ክንድ ያሳያል። የተቆረጠበት ቦታ በዳንቴል እጅጌ ተሸፍኗል።

«የማን ልጅ ነው? እኛ ቆረጥነው ልትሉ ነው?» አለኝ መርማሪው።

የሕክምና ተማሪ ነኝ፣ የመማሪያ ሥዕል ነው ብል ማን ሰምቶኝ። የመንግሥትን ስም ለማጥፋት የተዘጋጀ ነው ተባለና እስር ቤት ገባሁ።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። አጠገቤ የሚተኛው መምህር ሁለቱንም የእጅ አንጓዎቹን በምርመራ የታሰረበት ገመድ ልጧቸዋል። እሱን ያስጨነቀው ግን ሕመሙ አይደለም፤ እሑድ እናቱ ለጥየቃ መምጣታቸው ነው።

«ልቧ ደካማ ነው። ይህንን ካየች ትሞትብኛለች» አለኝ።

የሹራቡ እጅጌ አጭር ነው። የሥዕሉን ጣጣ ሳጫውተው፣ «ዳንቴሉን ለምን አለበሱት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሰው ክንዱን እንጂ የተቆረጠውን እንዳያይ ይመስለኛል» አልኩት፤ ይህን እያልኩ ዓይኔ ካልሲዬ ላይ አረፈ።

ሹራብ ከሚሠሩት እስረኞች መርፌና ምላጭ ተውሼ የሁለቱንም ካልሲዎቼን አንገት ቆረጥኩና እጅጌዎቹ ላይ ሰፋሁለት። ስፌቴ ያሳፍራል። ቀዶ ሐኪም አለመሆኔ ለሰው ሁሉ ደግ ሆነ።

እሑድ ከጥየቃ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። «አላየችም። እንዲያውም ሹራቡ አማረብህ አለችኝ» አለ። ቁርጭምጭሚቴ እንደተራቆተ ሲሚንቶው ላይ ቆሜ ደስ አለኝ፤ የእውነት ደስ አለኝ።

ዛሬ በስደት የምኖረው ሴንት ፖል በምትባል የፈረንጅ ከተማ ነው፤ አረጋውያንን በየቤታቸው እንከባከባለሁ። ከእነሱ አንዷ የመምህሩ እናት ናቸው፤ እዚያው አቅራቢያ፣ ብሩክሊን ሴንተር ከእሱ ጋር ይኖራሉ። እሱ የጭነት ትራክ ድራይቭ ያደርጋል፤ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ረጅም እጅጌ ነው የሚለብሰው።

ባለፈው እግራቸውን ሳጥብ፣ «ያኔ እስር ቤት ካልሲህን የቆረጥክለት አንተ ነህ፣ አይደል?» አሉኝ።

«እማማ፣ አይተው ነበር?»

«ስፌትህ ክፍት ነበር እኮ፣ ልጄ። እጁን ስስም በዚያ በኩል ቁስሉን አየሁት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምነው ዝም አሉ?»

«አላየችም ብሎ ደስ ብሎት ገባ። ምን ብዬ ደስታውን ላፍርስበት? አንተም እንዳትነግረው።»

መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ ኮራሁባቸው። ይህን ስንነጋገር ልጃቸው ከሥራ ገባ። እጅጌውን ወደ ታች ሳብ አድርጎ ጎንበስ አለና ሳማቸው። እሳቸው ፊቱን ብቻ አዩ።