የስቅለቱ ወይራ

ከሠራዊቱ ተሰናብቼ ጅማ ከገባሁ ወዲህ ጀርባዬን ግድግዳ ሳላስይዝ ተቀምጬ አላውቅም። ሻይ ቤት ገብቼ የጥግ ወንበር ካጣሁ ሻዩ ይቅርብኝ ብዬ እወጣለሁ። አወቱ መንደራ ሰፈር የተከራየኋትን ክፍል የወደድኳት መስኮት ስለሌላት ነው። አከራዬ "እዚህ ጨለማ ውስጥ እንዴት ትኖራለህ?" ስትለኝ "ፀሐይ አይስማማኝም" ብያታለሁ። ሚስት የለኝም፤ እንግዳም አይመጣብኝም። እሑድ ከሰዓት ግድግዳውን ተደግፌ ጎረቤቶቼ ሲሳሳቁ እሰማለሁ። አንዳንዴ ምን እንዳሳቃቸው ሳላውቅ እኔም ፈገግ እላለሁ።

ግንባር እያለሁም እፈራ ነበር፤ የማይፈራ ወታደር ካለ እኔ አላገኘሁትም። ግን ምሽግ ውስጥ ፍርሃት እንደ ኮቾሮ ብስኩት ተቆራርሶ ለሁሉም ይደርሳል። እኔ ወደ ፊት ሳይ አንድ ጓደኛዬ ጀርባውን ከጀርባዬ አጣብቆ ወደ ኋላ ያይ ነበር። ስንጸልይም እንደዚያው ሆነን ነው። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጀርባው ከጀርባዬ ተንሸራተተ። ዞሬ ስይዘው ነፍሱ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ከኋላዬ ያለውን ቦታ ለማንም አደራ መስጠት አቃተኝ፤ ለእግዜርም ጭምር።

ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ግን ወደ ውስጥ አልዘልቅም። ከውጭው በር አጠገብ የግንቡን አጥር ተደግፌ አስቀድሳለሁ። ሰው ሲሰግድ እኔ አንገቴን ብቻ ደፋ አደርጋለሁ። ግንባርን መሬት ማስነካት ማለት ጀርባን ለመጣው ሁሉ ገልጦ መተው ነው። በዚያ ላይ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ መሬት ሲወድቅ ማየት አልችልም፤ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። በሩ ላይ ጧፍ የሚሸጡ እናት አንድ እሑድ ጠጋ ብለው "አይዞህ ልጄ፣ ቀኖናህን ስትጨርስ ትገባለህ። እግዜር መሐሪ ነው" አሉኝ። ለካ ሰው ሁሉ "ደም አፍስሶ መጥቶ፣ ንስሐ አባቱ ከውጭ ቁም ብለውት ነው" ይለኝ ኖሯል። ሰላምታቸውን የሚያሳጥሩብኝም ለዚህ ነው። "አይ እማማ፣ እኔ ፈርቼ ነው" ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ለወታደር ፈሪ ከመባል ኃጢአተኛ መባል ይሻለዋል። "አሜን" ብዬ ጧፍ ገዛሁ።

ሥራዬ እዚሁ ጅማ መርካቶ፣ አንድ የቡና መጋዘን ውስጥ ነው። ከየአካባቢው የመጣው ቡና ተለቅሞ ጆንያ ሲገባ አፉን እሰፋለሁ። አስቤበት የያዝኩት ሥራ ነው፤ የተደረደረ ጆንያን የመሰለ መደገፊያ የለም። ችግሩ መኪና የሚጭንበት ቀን ነው። ተሸካሚዎቹ ከኋላዬ ያለውን ክምር እያፈረሱ ሲወስዱ እኔም ከነመርፌዬ ወደሚቀጥለው ክምር እዛወራለሁ። "ደግሞ ቤት ሊቀይር ነው" እያሉ ይስቁብኛል።

ሐጂ ግን አይስቁም። ቡናውን የሚረከቡት እሳቸው ናቸው፤ ጅማ ተወልደው ጅማ ያረጁ፣ የአባቴ እኩያ የሚሆኑ ሰው። ወደ እኔ ሲመጡ ከሩቅ ይስላሉ፤ ቀጥለው "እኔ ነኝ፣ መጣሁ" ይላሉ። ለምን እንደዚህ እንደሆንኩ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።

ባለፈው ዓመት፣ ከስቅለት በፊት ያለው ሐሙስ፣ አንዱ ሹፌር የመኪናውን የኋላ መዝጊያ ድንገት ለቀቀው። ብረቱ ሲጮህ እኔ በደረቴ ተኝቼ ጆንያዎቹ መሃል ነኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ይኸው ነው። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ሐጂ በኦሮምኛ ተቆጧቸውና መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"ማል ታቴ፣ ልጄ? ምን ሆንክ?"

"ምንም አልሆንኩ፣ ሐጂ።"

"ነገ ስቅለታችሁ አይደል? አትሰግድም እንዴ?"

"ሰው ይበዛል። ከኋላዬ ሰው ሲኖር አልችልም፣ ሐጂ።"

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።

"ለእኛም ነገ ጁምዓ ነው" አሉኝ ሐጂ። "ከኋላዬ ማን እንደሚቆም አላውቅም። ግንባሬን መሬት ካስነካሁ በኋላ ግን ጀርባዬን መጠበቅ የእኔ ሥራ አይደለም። አብሽር፣ አይዞህ፣ አላህ አለ።"

ተናደድኩ። ጥይት ያልጮኸበት ሰው ምክር አያልቅበትም አልኩ በልቤ። ወደ መስፋቴ ተመለስኩ። መርፌውን ግን ደጋግሜ ጣልኩት።

ዓርብ ከሰዓት ሄጄ እንደ ልማዴ አጥሩን ተደገፍኩ። ሕዝቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ ስለዋለ ነጠላው ሁሉ አፈር ለብሷል። ማብቂያው ሲቃረብ ካህናቱ የወይራ ቅጠል ይዘው ቆሙ። በስቅለት ምእመኑ ተሰልፎ እየቀረበ ጎንበስ ይላል፤ ካህኑ ጀርባውን በወይራው መታ መታ አድርገው የሚጨምረውን ስግደት ይነግሩታል። ልጅ ሆኜ ይህን ሰዓት ስጠብቅ ነበር የምውለው። ምቱ ከጅራፍ ይልቅ ለዳበሳ ይቀርባል።

ሰልፉን አየሁ። እናት ልጇን አስቀድማ፣ ባል ሚስቱን ተከትሎ፣ ሁሉም ሰው አለው። እኔ ያለኝ አጥር ነው። "ጌታ ሆይ፣ ፍርሃቴን ውሰድልኝና ልግባ" አልኩ። አልወሰደልኝም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። ስንት ዓመት ይህንኑ ስለምነው ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ ፍርሃቱ ይሂድ፣ ከዚያ አምንሃለሁ እያልኩ። በዚህ ከቀጠልኩ እዚሁ አጥር ሥር አርጅቼ እሞታለሁ ብዬ አሰብኩ። ከሞት በላይ ይህ አስፈራኝ። ከነፍርሃቴ ገባሁ።

ተራዬ እስኪደርስ ሸሚዜ በላብ ራሰ። ጎንበስ አልኩ። ወይራው ሲነካኝ ሳላስበው ዞሬ የካህኑን እጅ ጨምድጄ ያዝኩ። ቅጠሉ ረገፈ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ይቅር ይበሉኝ አባ። ከኋላዬ ሲነኩኝ እፈራለሁ" አልኩ።

ጧፍ የሚሸጡት እናት ሳይቀሩ ሰሙ። አባ እጃቸውን ለማስለቀቅ አልታገሉም።

"ያዘኝ፣ ልጄ" አሉኝ። "ስትችል ትለቀኛለህ። እኔም የምቸኩልበት የለኝም።"

ለምን ያህል ጊዜ እንደያዝኳቸው አላውቅም። ሰልፈኛው አላጉረመረመም። በመጨረሻ ጣቶቼ ላላ አሉ፤ ዞርኩና ጎንበስ አልኩላቸው። ወይራው ወረደ። የሰውነቴ ፀጉር ሁሉ ቆመ፤ እንባዬም መጣ።

የተነገረኝን ስግደት ልሰግድ ሕዝቡ መሃል ቦታ ያዝኩ። የምደገፈው ግድግዳም ዛፍም በአጠገቤ አልነበረም። ወደቅሁ፤ ግንባሬ አፈር ነካ። ከኋላዬ አንድ ሰው አብሮኝ ይሰግዳል። ስወድቅ ይወድቃል፣ ስነሣ ይነሣል፣ ትንፋሹ ይሰማኛል። ጆሮዬ እየጮኸ፣ "ጌታ ሆይ፣ አደራህን" እያልኩ ጨረስኩ። ያ ሰው ማን እንደነበረ፣ ሽማግሌ ይሁን ወጣት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዞሬ አላየሁም።