የጀልባዋ የበረዶ ሳጥን

እዚህ አሜሪካ፣ ደብሊን በምትባል ከተማ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ እንከባከብ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጃቸው ሌላ ስቴት ናት። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ ጋሼ እላቸው ነበር።

ጓሯቸው ውስጥ ትሬለር ላይ የተቀመጠች አሮጌ ባለሸራ ጀልባ ነበረች። ከሚስታቸው ጋር በየሰመሩ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ኤሪ ሐይቅ ላይ የሚጓዙባት ነበረች። ምግባቸውን የሚያስቀምጡት በረዶ በሚሞላ አንድ ጥልቅ ሳጥን ውስጥ ነበር። አሁን ወደ ፍሪጅ ሊለውጡት ፈልገው የሚያቀዘቅዘውን ሞተር ገዝተዋል።

«መጀመሪያ ሳጥኑ ቅዝቃዜ መያዝ አለበት» አሉኝ። «አለዚያ ሞተሩ ሲሠራ ውሎ ባትሪውን ይጨርሰዋል። የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል። አንቺ ደግሞ ቀጭን ነሽ፤ ትገቢበታለሽ።»

የኔ ሥራ ምግብ ማብሰልና መድኃኒት ማስታወስ ነው፤ እምቢ ማለት እችል ነበር። ግን ቤቴ ብሄድም የሚያናግረኝ ሰው የለም። እሺ አልኩ።

የሳጥኑን ግድግዳ ቆርጬ ሳወጣ፣ ከኋላው ቅዝቃዜ እንዳይወጣ የተሞላው ፎም ውሃ ጠጥቶ እንደ ፍትፍት በእጄ ተቦጫጨቀ። የቆየ ወተትና ዓሣ ይሸታል። ጠራርጌ አወጣሁትና ውስጡን ለቀናት በቬንትሌተር አደረቅነው። ከዚያ አዲሱን ፎም እየቆረጥኩ መደረብ ጀመርኩ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው ይጠይቁኛል።

«ስንት ጣት ሆነ?»

«አራት።»

«አይበቃም፤ ጨምሪ።»

ክፍተቱን ሁሉ ሞልቼ ግድግዳውን መለስኩ፤ ክዳኑንም አወፈርኩት። ከታች ያለውን የውሃ መውረጃ ሳይቀር አስደፈኑኝ፤ ቅዝቃዜ በዚያ ይፈሳል አሉ።

ዓርብ ዕለት ሁለት ከረጢት በረዶ ጨምሬ ክዳኑን በፕላስተር አሸግኩት። እስከ ሰኞ እንዳይከፈት ተስማማን። ሰኞ ስመጣ ያገኘሁት ውሃ ብቻ ነው። ያን ያህል ልፋት! በኋላ ነው ፕላስተሩ መቀደዱን ያየሁት።

«ማን ከፈተው?»

መሬት መሬት አዩ። «እኔ ነኝ።»

«ብቻዎን ጀልባዋ ላይ በመሰላል ወጡ? ቢወድቁስ?»

«ቅዳሜም እሑድም ስልኬ አልጮኸም» አሉ። «ሄጄ የማየው ነገር ፈለግሁ። ስንት ጊዜ እንደከፈትኩት እንጃ።»

ልቆጣቸው አስቤ ነበር፤ ተውኩት። የኔም ቅዳሜ ልብስ ሳጥፍ፣ የማላየው ቲቪ ሲጮህ ነው ያለፈው።

«በሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ፤ አብረን እንከፍተዋለን» አልኳቸው።

ዓርብ እንደገና በረዶ ጨመርን። እሑድ ከቸርች ስወጣ፣ ለቀጠረኝ ኤጀንሲ ሳልናገር፣ ቸርቹ ካለበት ከሞርስ ሮድ በቀጥታ ወደሳቸው ነዳሁ። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው መስኮት ላይ ይጠብቁኛል። ደግፌ ጀልባዋ ላይ አወጣኋቸው። ፕላስተሩ እንደታሸገ ነው። ስንከፍተው በረዶው እርስ በርሱ ተጣብቋል እንጂ ብዙም አልቀነሰም።

እጃቸውን በረዶው ላይ አደረጉ። «እሷ ብታይ» አሉ። እዚያው ጀልባዋ ውስጥ ሳንድዊች በላን፤ ስለ ሚስታቸው እስኪመሽ አወሩልኝ።

ሞተሩን ባለሙያ ገጠመው። ጀልባዋ ግን ወደ ሐይቁ አልተመለሰችም። ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ልጃቸው መጥታ ወሰደቻቸው፤ ቤቱም ጀልባዋም ተሸጡ። ሲሰናበቱኝ እጄን ይዘው ቆዩ።

አሁን ኤጀንሲው ግሮቭፖርት የምትባል ሌላ ከተማ መድቦኛል። የምንከባከባቸው እናት አብዛኛውን ቀን ይተኛሉ። እሑድ ከቸርች ስወጣ መኪናውን አስነስቼ፣ ወዴት እንደምሄድ ሳላውቅ ትንሽ እቀመጣለሁ።