ከምዕራፉ በፊት ያለው ጥያቄ

በሰውየው መጀመሪያ የቀናሁት አፉን ሳይከፍት ነው። ከካማሺ በኩል ወደ አሶሳ የመጣ ጉሙዝ ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ እኔ ቤት ወደሚደረገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መምጣት ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። ጥናቱን የጀመርኩትም ለዓመታት የመራሁትም እኔ ነኝ። ሰዉ ግን ገና ከበር ሲገባ እሱ አጠገብ ለመቀመጥ ይሻማል።

አንድ ሐሙስ ጌታ ስለ ወይን አትክልቱ ሠራተኞች የተናገረውን ምሳሌ አስተማርኩ። ጧት የገባውም ማታ የገባውም እኩል ተከፈለው። እንደ ልማዴ፣ ጧት የገባነው ከወለጋ ወንጌል ይዘን የመጣነው እኛ ነን፣ ማታ የገቡት የዚህ አገር ሰዎች ናቸው፣ በደስታ እንቀበላቸው አልኩ። በቸርነቴ እኔው ራሴ ደስ አለኝ።

እሱ እጁን አወጣ። በነሱ ዘንድ ማሽላ በደቦ ሲታጨድ ከሰዓት በኋላ የደረሰም ከጧቱ ሰው ጋር እኩል ገንፎ እንደሚበላ፣ መቼ መጣህ ብሎ መጠየቅም ነውር እንደሆነ ተናገረ። ይሄ እኮ ደቦ አይደለም፣ የቀን ሥራ ነው፣ ተዋውለው ነው የገቡት ብዬ አቋረጥኩት። ልክ ነበርኩ። እሱም ልክ ነህ አለኝና አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠ።

«ታሪክ እዚህ አይጀምርም። ጴጥሮስ ነው የጠየቀ። ሁሉን ትተን መጣን፣ ምን እናገኛለን አለ። ጌታ ለሱ መለሰ። ለኋለኛ ሰው አይደለም፣ ለፊተኛው ነው።»

ያን ምዕራፍ ስንቴ አስተምሬዋለሁ፤ ከፊቱ ካለው ጥያቄ ጋር አያይዤ ግን አንብቤው አላውቅም። ማመስገን ሲገባኝ መጽሐፉን ዘግቼ ወደ መዝጊያው ጸሎት አለፍኩ። ሰው ከሄደ በኋላ ባለቤቴ ኩባያ እየሰበሰበች «ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅኩም።

በሳምንቱ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ሁለታችንን ጠሩንና ጥናቱን ከእንግዲህ እሱ ቢመራው ምን እንደሚመስለኝ ጠየቁኝ። አማርኛው ገና ነው፣ ትንሽ ይቆይ ልል ነበር አሳቤ፤ ለምን እንደተጠራን ገምቼ፣ ለሱ አስቤ የተናገርኩ እንዲመስል መንገዱን ሙሉ ስለማመደው ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ታዲያ እኔስ ምን አገኛለሁ?»

ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ተያዩ። እሱ ግን የማን ጥያቄ እንደሆነ አውቆታል፤ እንዳላፍር ብሎ ቀስ ብሎ አቀረቀረ።